ለጊዜው አምስት

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቸግርሻል ወይስ የታዘዘልሽ ቅባት ረዳሽ? ይህንን በአዲሱ መነጽርሽ እያነበብሽው ነው ብዬ ልመን፤ አሮጌውን በክር አስረሽ እንደምታደርጊው ስለማውቅ ነው። እኛ ደህና ነን። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ አባታቸው ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ይህን ያህል ደህና ካበዛሁ አንድ ነገር አለ ማለትሽ አይቀርም።

ደውላ ብትነግረኝ ምን ነበረበት እንዳትይ። በስልክ ገና ሃሎ ስል ምን ሆነሻል ነው የምትይኝ፣ ከዚያ ማልቀሴ ነው። ስለዚህ ተረጋግቼ ልጻፍ ብዬ ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሼ ወጥ ቤት ቁጭ ብያለሁ። አንቺም ብቻሽን አንብቢው። ለጎረቤትሽ ጮክ ብለሽ እንዳታነቢላት፣ አደራ።

ነገሩ የመዝናኛ ፓርኩ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ልንወስዳቸው ነው። ባለቤቴ ፈቃድ ጠይቆ ተሰጥቶታል፤ አውቶቡሱን ሌላ ሹፌር ይነዳለታል። አምና ሻንጣው ታስሮ በር ላይ ቆሞ ሳለ የቀረነው እኮ ነው። የቀረንበትን ላንቺ አልነግርሽም፣ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ጸጉሬን ስትዳብሺ የነበርሽው አንቺ ነሽ። እህት ወይ ወንድም ሊመጣላችሁ ነው ብለን ለልጆቹ ነግረን፣ ትንሿን ክፍል ቀለም ቀብተን፣ ለጎረቤቱም ለሥራ ባልደረባውም አውርተን ነበር። ከዚያ ያወራነውን ከየሰዉ አፍ መልሰን መልቀም ሆነ። ከሕመሙ ይልቅ እሱ ነው የጎዳኝ እማዬ። ልጆቹ እስከ ዛሬ እማ ሆዷን ያመማት ጊዜ ይሉታል።

የትልቋን ነገር ታውቂያለሽ። ስሟን ትተን ዳኛዋ የምንላት ያለ ነገር አይደለም፤ ስድስት ዓመቷ ቢሆንም አንዴ የተባለ ነገር አይጠፋትም። ፓርኩ የላከልን ባለቀለም ወረቀት ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። እዚያ ላይ ከላይ ተንደርድሮ ውሃ ውስጥ ዘፍ የሚል ጀልባ አለ፤ ልቧን የወሰደው እሱ ነው። መግቢያው ላይ የእንጨት ድብ ቆሟል፣ ቁመቱ የድቡ ጆሮ ጋ ያልደረሰ ልጅ ያለ አዋቂ አይሳፈርም ይላል። አባቷ የድቡን ቁመት ከወረቀቱ አይቶ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ቢለካት ሁለት ጣት ጎደላት። ከዚያን ቀን ወዲህ ጸጉሬን አናቴ ላይ ቋጥሪልኝ እያለች ታስቸግረኛለች።

እንግዲህ አብሯት የሚሳፈር ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። አባቷ አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ሰው ጭኖ የሚዞር ሹፌር፣ መሪው በእጁ ካልሆነ ዥዋዥዌ ላይ እንኳ ፊቱ አመድ ይመስላል። አምና የቀረን ጊዜ ታዲያ ለዘንድሮው እኔ አለሁልሽ ብዬ ቃል ገባሁላት። ዘንድሮ ጥርሷን እየቦረሸች፣ ጫማዋን ሳስርላት፣ አንቺ ነሽ አይደል እማ ትለኛለች። እናያለን እላታለሁ። እናያለን ማለት እሺ ነው ወይስ እንቢ ብላ ታፈጥብኛለች። ምን ልበላት?

እኔ መሳፈር አልችልም። ወገቤን ያመኛል ብያለሁ። ሥራ ቦታም ያልኩት ይህንኑ ነው። የእጥበት ቤቱ ኃላፊ ከማሽኖቹ አንስታ ልብስ ማጠፊያው ጋ አድርጋኛለች፤ የሆቴሎቹን እርጥብ አንሶላ ማንሳት ትቻለሁ። ሴትየዋ ራሷ ወንበር ሳብ አድርጋ ሰጠችኝ። የሳሙናው ሽታ ስላልተስማማኝ በሩ አጠገብ ነው የምቀመጠው። ደረጃ ስወርድ ግድግዳውን ይዤ ነው። ስለ ፓርኩ ሳስብ ጨዋታው አይታየኝም፤ የሚታየኝ ውሃ የረጨው ወለል፣ የሚጋፋው ሰው፣ ሳያየኝ ክርኑን የሚሰነዝር ጎረምሳ ነው። እንቅር እንዳልል ሁለተኛ ዓመት መቅረት ለልጅ ይከብዳል፣ እንሂድ እንዳልል እፈራለሁ። ፍርሃቴን ስሙን ጠርቼ ብናገር ደግሞ ያው አምና የሆነው የሚደገምብኝ ይመስለኛል።

ባለፈው እሑድ ምሳ ላይ የሆነውን ልንገርሽ። ትንሹ፣ ያ አራት ዓመት ሙሉ ለምን ሲል የኖረው አባ ለምን፣ ማንኪያውን ይዞ ማቀዝቀዣው ጋ ሄደ። ከጀልባው ሥር በቀይ የተሰረዘ፣ ሆዱ የገፋ ሰው ሥዕል አለ። ይሄ ለምን ተሰረዘ አለ። ማንም ሳይመልስለት ራሱ መለሰ፤ ሆዱ ትልቅ ስለሆነ ነው፣ አባባም አይሳፈርም፣ አባባ ሆዳም ነው ብሎ አወጀ። ዳኛዋ ተቆጣች። ሆዳም ስድብ ነው፣ ብዙ ለሚበላ ሰው ነው የሚባለው አለችው። አባባስ ብዙ አይበላም ወይ አላት። ያኔ ባለቤቴ ቦርጩን በሁለት እጁ ይዞ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ውሸት ምን አለኝ።

ቆይ የተሰረዘውን ወንድሜን ልየው ብሎ አባታቸው ተነሣ። አጎንብሶ አየው። ሥዕሉ ቀሚስ ለብሷል እማዬ። ሳቁ ቆመ። ዞር ብሎ እኔን አየኝ፤ እኔ ምንም ያልቀረበትን ሳህን እጠርግ ነበር። ሲቆይ ለልጆቹ ልክ ነው፣ ሆድ ያለው አይሳፈርም ይላል አላቸው። እኔና እናታችሁ ከታች ቆመን ጃኬታችሁን እንይዛለን አለ። ዳኛዋ እማ ሆድ የላትም ብላ ጮኸች። ቃል ገብተሽ ነበር አለችኝ፤ አልጮኸችም፣ ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። በሩ ላይ ቆሜ ልናገር አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ያን ያህል ሆድ ብሶኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ምንም አልጠየቀኝም። ግን የልብስ ቅርጫት ካነሣሁ ከእጄ ይወስዳል። ሻንጣውን ሳላየው ከቁም ሳጥን አናት አውርዶታል። ትናንት ደግሞ አምና የቀባናት ትንሿ ክፍል፣ ዓመት ሙሉ ተዘግታ የኖረችው፣ መስኮቷ ተከፍቶ አገኘሁት። ማን ከፈተው አላልኩም። እሱም እኔ ነኝ አላለም።

ዳኛዋ ያን እሑድ ራት ሲደርስ ከክፍሏ ወጥታ ፍርዷን ሰጠች። እማ ካልቻለች እማማ ትምጣ አለች፤ አንቺን ማለቷ ነው። እማማን ጉልበቷን ያማታል አልኳት። ጀልባው ላይ ይቀመጣሉ እንጂ አይቆሙም አለችኝ። እማማ ድመታችንን ለማውረድ ጣሪያ ላይ ወጥታ የለም ወይ፣ እሷ አትፈራም አለች። እውነቷን ነው። አባቷም ይህን ሲሰማ እማማን ለምኚልን፣ እሳቸው ካሉ እኔም ልቤ ያርፋል አለኝ። ልቡ ከምን እንደሚያርፍ አልጠየቅሁትም።

እና እለምንሻለሁ፣ ነይልን። ለልጅቷ ብለሽ ነይ። ያንን ጀልባ አብረሻት ተሳፈሪና ቃሌን ጠብቂልኝ። ለእኔም ብለሽ ነይ። አብረሽኝ ከሆንሽ ሰው ሲጋፋ ክንዴን ትይዢኛለሽ፤ አንቺ ደግሞ ስትይዢ አጥብቀሽ ነው የምትይዢው።

እማማ ይመጣሉ ብሎ ስለወሰነ ባለቤቴ ዛሬ ጠዋት ሥራ ከመሄዱ በፊት ማረፊያ ክፍል ሊይዝ ፓርኩ ጋ ደወለ። እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ስንት ናችሁ ብለውት መሰለኝ ዝም አለ። ከዚያ ለጊዜው አምስት አላቸው። ውሃውን ሳልዘጋ ቆሜ ቀረሁ፤ ዞሬ አላየሁትም። ሲወጣ እጁን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ሄደ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ነው ብዕር ያነሣሁት።

እማዬ፣ ጉልበትሽን ያበርታልኝ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ መንገድሽን ያቅናልኝ። የማያዳልጥ ጫማሽን አድርገሽ ነይ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ። ጠዋት ስትጸልዪልን እንደ ልማድሽ ስማችንን አንድ በአንድ አትጥሪ። ዘንድሮ እንዲያው በደፈናው ሁላቸውንም በዪ።

ልጅሽ