ዝምድና የሚለው ባዶ ቦታ

ቀራንዮ፣ ኅዳር ፲፪

ይድረስ ለአክስቴ ለፅጌ፣

የሐዋሳ ሙቀት እንዴት ይዞዎታል? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። የወንድምዎ የጋሼ ዳኛቸው ሳልም ለቋቸዋል። በሕፃንነቴ እዚህ ቤት ጠቅልለው ያመጡኝ ሰማያዊ ጋቢ ሳይቀር ታጥቦ ተቀምጧል።

ጦር ኃይሎች አካባቢ ኮምፒውተር እየተማርኩ ነው። ባለፈው እራት ላይ ጋሼ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ሲሉኝ ስለ ዩኒክስ ነገርኳቸው። ኮምፒውተር የሚያንቀሳቅሱ የብዙ ሲስተሞች አያት ነው። ከእሱ ወርደው በስሙ ለመጠራት የሚያበቃ የፈተና ሰርተፍኬት የሌላቸው አሉ። ሊኑክስ ደግሞ ከባዶ የተጻፈ ነው፤ ጠባዩ ግን ቁርጥ ዩኒክስን። ከሊኑክስ ወገን ፈተናውን አልፈው በስሙ የተመዘገቡም አሉ።

ጋሼ ጉርሻቸውን ይዘው ቀሩ። «ደሙ ሳይኖራቸው?»

«ጠባያቸው ታይቶ» አልኳቸው።

የወረዳው የቤተሰብ ቅጽ ቡፌው ላይ ከተቀመጠ ሁለት ሳምንቱ ነበር። ሁሉም ተሞልቶ ከስሜ አጠገብ «ዝምድና» የሚለው ብቻ ባዶ ነው። ያውቋቸው የለ፣ ሐሰት አይጽፉም። እኔም ቡፌውን ስወለውል ቅጹን ሳልነካ ዙሪያውን ብቻ ነበር።

ረቡዕ ከነቅጹ ወረዳ ይዘውኝ ሄዱ። ጸሐፊዋ «ምንዎ ናት?» ስትላቸው «ሊኑክስ» ብለዋት አረፉት! ግራ ገብቷት «እባክዎ ራስዎ ይጻፉት» አለቻቸው። ተጭነው «ልጅ» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ወዲህ እህል ይበላልኛል፤ እንቅልፍም ይወስደኛል።

ለጸሎት ጓደኞችዎ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። «እህቴ ናፍቃኛለች በያት» ብለዋል አባዬ።

ራዕይ