የሃምፍሪ መርከብ

ሃምፕሻየር፣ 1796

ውድ ወንድሜ አምብሮስ፣

የባሌን መሞትና የአንተን መሾም የሰማሁት በአንድ ቀን፣ ከአንድ አፍ ነው። አጎታችን አድሚራሉ ከዌስት ኢንዲስ የላከውን ወረቀት አባባ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ "ካፒቴን ሃምፍሪ በቢጫ ወባ አረፈ" ካለ በኋላ ትንፋሽ እንኳ ሳይወስድ "መርከቧን ለአምብሮስ ሰጥቻታለሁ" የሚለውን ቀጠለበት።

እማዬ ግራ ገባት። "ምን ልልበስ? ጥቁር ብለብስ በልጄ ሹመት ያዘንኩ ይመስላል፤ ባልለብስ ደግሞ በአማቼ ሞት የጨፈርኩ" አለች። አባባ ጠዋት የሐዘን፣ ከሰዓት የደስታ ደወል እንዲደወል አዘዘ። የቤተ ክርስቲያኑ ደዋይ "ጌታዬ፣ ሰዉ እያለቀሰ ይምጣ ወይስ እየሳቀ?" ቢለው፣ "እኔስ መች አወቅሁ! ዝም ብለህ ደውል!" አለው።

ከሳምንት በኋላ ያንተ ደብዳቤ ደረሰ። "እህቴ፣ አትቀበል ካልሽኝ መርከቧን እመልሳለሁ" ትላለህ። ከዚያ ወዲህ መልሱ ጠፍቶብኛል።

ያን የገና ምሳ ታስታውሳለህ? አለቃ ካልሞተ ሹመት የለምና፣ እናንተ የባሕር ሰዎች ብርጭቆ የምታነሱት "ለደም አፍሳሽ ጦርነት፣ ወይም ለወረርሽኝ ዓመት!" እያላችሁ ነው። ያን ቀን ያነሳው ራሱ ሃምፍሪ ነበር።

"ለመሆኑ ሞቶልህ የማንን ጫማ ለመውረስ ነው የምትጠብቀው፣ አማቼ?" አለህ።

"ያንተን ነዋ! ችግሩ እግርህ የሕፃን ነው፣ ይጠበኛል" አልከው።

ከሁላችን አብልጦ የሳቀው እሱ ነበር።

ልቆጣህ እፈልጋለሁ፤ ግን በምን? ሃምፍሪም ቢሆን መርከቧን ያገኘው እኔን፣ የአድሚራሉን የእህት ልጅ፣ ስላገባ ነው። ከእሱ በፊት የሞተው ካፒቴንም ሚስት ነበረችው፤ ስሟን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። አንዳንዴ በአንተ ደስ ይለኛል፤ ደስ ስላለኝ ደግሞ አለቅሳለሁ። ለማን እንደማለቅስ ሳይገባኝ ይመሻል።

ብትመልሳት አጎታችን ለሌላ ዘመድ ይሰጣታል፤ ሃምፍሪን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው። ያንን ግን አልችለውም። ስለዚህ ያዛት።

መርከቧ ላይ ያለውን የካፒቴኑን መኝታ ክፍል አረንጓዴ መጋረጃ የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ እንዳታወርደው። ከበሩ በላይ ደግሞ ወፍራም አግዳሚ እንጨት አለ። አጭሩ ሃምፍሪ እንኳ በየጠዋቱ ግንባሩን ይመታው ነበር። አንተ ረጅም ነህና፣ ስትገባ ጎንበስ በል።

እህትህ ሆኖሪያ