ኅዳር ሲታጠን ሣራቸውን ያልማገዱት የወይዘሮ ይታይሽ አበረ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ይታይሽ ከአባታቸው ከአቶ አበረ ቢሻው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማናለብሽ ክንዴ በአገው ምድር አውራጃ፣ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ በሚገኝ መንደር በ1900 ዓ.ም. ተወለዱ። ወሩንና ቀኑን የመዘገበ የለም። እናታቸው ግን «ውርጭ ባቄላውን የፈጀው ሰሞን ነው» ይሉ ስለነበር ኅዳር ሳይሆን አይቀርም። በቤት አገውኛ፣ በገበያ አማርኛ ተምረው በሁለቱም እኩል ይጫወቱ፣ በሁለቱም እኩል ይቆጡ ነበር። በዘመኑ ሴት ልጅ ወደ ትምህርት አትላክም ነበርና ፊደል አልቆጠሩም።

በ1916 ዓ.ም. ከአቶ ዓለምነው ደርበው ጋር ተጋብተው ኑሯቸውን እንጅባራ አደረጉ፤ ምህረቴን፣ ሸጋንና እታለማሁንም ወለዱ። አቶ ዓለምነው በ1944 ዓ.ም. ሲያርፉ ትንሿ እታለማሁ ገና የአሥር ዓመት ልጅ ነበረች። እርሻው ለእኩል አራሽ ተሰጠ፤ ቤቱን ያቆመው ግን ጓሮው ነው። ወይዘሮ ይታይሽ ከቤታቸው ጀርባ የምንጩን ውሃ ጠልፈው ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ከሁሉ በላይ ድንች ያለሙ ነበር። በበጋ የሚቆፈረው ድንች ቀለብም ነው፣ በግንቦት የሚተከለው ዘርም እርሱ ነው። እርሱ ከጠፋ ክረምቱን የሚሻገሩበት ሌላ ነገር አልነበራቸውም።

እንጅባራ ኅዳር ሲገባ ሰማዩ ይጠራል፣ ነፋሱ ይተኛል፣ ጠዋት አመዳዩ ሣሩ ላይ ነጥቶ ይገኛል። ይህን የማያውቅ ጓሮ አልሚ የለም። እያወቅን ግን በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል፣ ኅዳር ሲታጠን፣ በሽታ እንዲርቅልን ብለን ደረቅ ሣሩን፣ ገለባውንና የባቄላ አገዳውን ሁሉ ከጥራጊው ጋር በአንድ ቀን እናነደው ነበር። ጭሱ የበዛለት ሰው ይመሰገናል። በ1948 ዓ.ም. ወይዘሮ ይታይሽም እንደ ሰዉ አጨሱ፤ እንዲያውም የዚያን ዓመት ትልቁ ጭስ የእርሳቸው ነበር። በአምስተኛው ቀን ውርጭ ወረደ። ድንቹን የሚያለብሱበት ሣር በቤታቸውም በመንደሩም አልተገኘም። ጋቢያቸውንና ቁርበቱን ቢደርቡበትም ከአንድ መደብ አላለፈም፤ የቀረው ጠቁሮ አደረ፤ ሲቆፈርም ጠጠር የሚያህል ብቻ ወጣ። የቀጣዩን ክረምት ረኃብ ሸጋ እስከ ዛሬ ማንሣት አትወድም።

ስሕተቱ የሁላችንም ነበር። ጥፋቱን በራሳቸው ያዩት ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው። ሌላው ሰው ውርጩን ሲረግም እርሳቸው «ውርጩማ ልማዱ ነው፤ ልብሱን ያቃጠልሁት እኔ ነኝ» ይሉ ነበር።

በ1949 ዓ.ም. ኅዳር ሚካኤል ሲደርስ ጥራጊውን ብቻ አጨሱ፤ ሣርና ገለባውን ከቤታቸው ጀርባ ከመሩት። መንደሩ ተንጫጫ። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ደጊቱ «እትዬ ይታይሽ፣ ለድንች ብለው በሽታ ሊያስገቡብን ነው?» ብለው በሰው ፊት ተናገሯቸው። ክፉ አጋጣሚ ሆኖ ያን ዓመት ውርጩ ሳይበረታ ቀረ፤ የመንደሩን ልጆች ደግሞ ጉንፋን ጣላቸው። ጣት ሁሉ ወደ እርሳቸው ተቀሰረ፤ ገበያ ላይ ጎመናቸውን የሚገዛ እስኪጠፋ ድረስ። ወይዘሮ ይታይሽ ደፋር ቢሆኑም ይህ ልባቸውን ሰበረው። ወደ ንስሐ አባታቸው ወደ መምሬ ወርቅአየሁ ሄደው አለቀሱ። መምሬም «ልጄ፣ ቅዱስ ሚካኤል ጭስ አነሰ ብሎ አይቀየምሽም፤ ልጆችሽን አብዪ» አሏቸው። ከዚያ ወዲህ ማንም ከሐሳባቸው አልመለሳቸውም።

በ1950 ዓ.ም. መንደሩ እንደ ልማዱ አጨሰ፤ እርሳቸው ሣራቸውን ከመሩ። ኅዳር 16 ቀን ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠርቶ ቅጠል እንኳ አልንቀሳቀስ ሲል ከሴት ልጆቻቸው ጋር መደቡን ሁሉ አለበሱት። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ የመንደሩ ጓሮ በሙሉ እሳት እንደ ነካው ጠቁሮ ነበር። ሰው በየአጥሩ ሲያለቅስ ወይዘሮ ይታይሽ ሣሩን ገለጡት፤ ድንቹ አረንጓዴ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን ዕለት ሣር ፍለጋ ያልወጣ አልነበረም።

ቂም ቢይዙ ማንም አይፈርድባቸውም ነበር። እርሳቸው ግን በግንቦት የዘር ድንቹን በቁና እየሰፈሩ ለጎረቤት አደሉ፤ መጀመሪያ የሰጡትም ለወይዘሮ ደጊቱ ነው። «ዘሩ ከእኔ፣ ሣሩ ግን ከራስሽ» አሏቸው። የድንች ዘራቸው በዘመድ በኩል ጥሊሊና አዲስ ቅዳም ድረስ ዘልቋል። ዛሬ በመንደራችን በኅዳር ሚካኤል የሚጨሰው ጥራጊ ብቻ ነው፤ ከየቤቱ ጀርባ የሣር ክምር ይታያል። እኛ ቤተሰቦቻቸው በዚህ እንኮራለን፤ ኩራታችንንም አንደብቅም። እታለማሁም በዚያው ጓሮ ፍሬ፣ ዳንግላ ተምራ ዛሬ አስተማሪ ሆናለች።

ወይዘሮ ይታይሽ ካለፈው ጥቅምት ወር ጀምሮ በሆድ ሕመም ተይዘው በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆዩ። ከአልጋ ከዋሉ በኋላም የሚጠይቃቸውን ሁሉ መልሰው «ሰማዩ እንዴት ነው?» ይሉ ነበር። ኅዳር 17 ቀን ሰማዩ ጠራ። ሊጠይቋቸው የመጡት ወይዘሮ ደጊቱ ወጥተው፣ ሴቶቹን አስከትለው፣ መደቡን ሁሉ አለበሱት። በማግሥቱ ጠዋት ውርጭ መውረዱን፣ ድንቹም ደህና ማደሩን ሲነግሯቸው «ተመስገን። ግለጡት እንግዲህ፣ ፀሐይ ትየው» አሉ። ኅዳር 19 ቀን 1961 ዓ.ም. በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ዐረፉ።

ወይዘሮ ይታይሽ የሦስት ልጆች እናትና የሰባት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ይህን የጻፈው የወንድማቸው ልጅ ክንዴ ነው።

ለቀብራቸው የመጣችሁ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ሰማዩ ዛሬም ጠርቷል፤ ነፋስም የለም። ስለዚህ ከዚህ ስትመለሱ ለቅሶ ቤት ከመግባታችሁ በፊት ጓሯችሁን አልብሱ፤ እርሳቸው ቢኖሩ የሚሏችሁ ይህንኑ ነው። የእርሳቸው ጓሮ አያሳስባችሁ፤ ዛሬ ወደ ቀብር ስንወጣ ሣሩ ከየመደቡ አጠገብ ተዘጋጅቶ አየነው፤ ማን እንዳቀረበው አልጠየቅንም።

አምላክ ነፍሳቸውን ውርጭ በማይደርስበት፣ ብርሃኑ በማይጠልቅበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለልጆቻቸውም መጽናናቱን ይስጥ። አሜን።