ለአባዬ የተቆፈረው ጉድጓድ

ይድረስ ለወንድሜ ለጌቲን፣

የአውስትራሊያ ፀሐይ እንዴት ይዞሃል? ልጆቹስ? እኛ አባዬን ከቀበርን ወዲህ፣ እሱ ይመስገን፣ ቆመን እንሄዳለን።

የአባዬ ጡረታ ወደ እማዬ ስም ዞረ፤ ለቀብሩም መንግሥት ድጎማ ፈቀደ። ስልክ ደውላ የጨረሰችው ራሷ ናት። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ አዳመጥኩ። «አንቺ እያለሽልኝ እኔን ምን አስለፋኝ?» ብላ ተቆጣችኝ። ይሁን፣ መልመድ አለባት። ቀሚሴ ስለሰፋኝ ደግሞ «ሐዘን ጨረሰሽ» እያለች በሾርባ ታስጨንቀኛለች።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን ወደ መስከረም ብታመጣው ምን አለበት? ገና ለእኔ ሩቅ ነው።

ከቀብሩ በፊት አስከሬን ገናዡ ፕሮሰር «ጉድጓዱ ለስንት ሰው ይቆፈር?» ሲለን፣ እማዬ «ለሁለት» አለች። እኔ «ለሦስት» አልኩ። እዚህ በሮንዳ ሸለቆ አንዱ በአንዱ ላይ እንደምንቀበር ታውቃለህ፤ ከመጀመሪያው በጥልቀት ካልተቆፈረ በኋላ ቦታ አይገኝም።

«ሦስተኛዋ ደግሞ ማናት? ድመቷ?» ብላ አባዬ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እኔም አብሬያት ሳቅኩ።

ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ማንም ትሁን፣ ከአባትሽ ቀጥሎ የምተኛው እኔ ነኝ። ማንም እንዳይቀድመኝ!»

«እሺ እማዬ» አልኳት።

በሰላም ያገናኘን፣ ጌቲን።

እህትህ ሜረሪድ