ሳይመለሱ የቀሩት መጻሕፍት

ውድ ጋሽ ሕዝቅያስ፣

ደህና መሆንዎን ከኑሪ ሰምቻለሁ። መደወል ይሻል ነበር፤ ግን የምነግርዎትን ነገር በአፌ ለማውጣት አቅም አጣሁ። ደክሞኛል ጋሽዬ።

ባለፈው ክረምት ቤተ መጻሕፍታችን ጎርፍ እንደገባበት ሳይሰሙ አይቀሩም። ውሃው እስከ ሦስተኛው መደርደሪያ ደረሰ፤ ከዚያ በላይ የተረፈውን ደግሞ ሻጋታ ጨረሰው። በእጅዎ የጻፏቸው የመጽሐፍ ካርዶችም ጭቃ ሆኑ። በአካፋ ነው ያወጣናቸው። መጽሐፍ በአካፋ ስዝቅ አለማልቀሴ እስካሁን ይገርመኛል።

አዲሷ የኮምፒውተር ባለሙያችን ታቢታ የቴሌግራም ቻናል ከፈተችና፣ «ማኅተማችን ያለበት መጽሐፍ በእጃችሁ ካለ አትፍሩ፣ የሽፋኑን ፎቶ ላኩልን» ብላ ጻፈች። ማን ይልካል ብዬ ነበር። በሦስት ሳምንት ውስጥ ከመቶ በላይ ፎቶ መጣ፤ መጻሕፍቱም ተከትለው መጡ። ሁሉም እርስዎ ያለ ፊርማ ያዋሷቸው ናቸው።

ፒያሳ ጨርቅ የሚሸጠው ኑሪ የእሱን በፌስታል ጠቅልሎ ይዞ መጣ።

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?» አልኩት።

«ጋሽ ሕዝቅያስ ስትጨርስ መልስ ነው ያሉኝ። ሁለት ገጽ ይቀረኛል» አለኝ።

ሳቅኩ። ከጎርፉ ወዲህ ስስቅ ያን ጊዜ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ሥራዬ ገጽ እየገለጡ በስልክ ፎቶ ማንሳት ሆኗል። እገልጣለሁ፣ አነሳለሁ፣ ደግሞ እገልጣለሁ። ታቢታ ኮምፒውተር ላይ ትጭነዋለች፤ ሌላ ጎርፍ ቢመጣ እንኳ አይጠፋም፣ አንዱን መጽሐፍ ሃያ ሰው በአንዴ ያነበዋል ትለኛለች። ወገቤ አልቋል። እውነቴን ነው፣ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኛል። በየመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ግን የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ አለ፤ የወሰደው ሰው ስም ብቻ፣ ቀን የለውም። እሱንም አነሳዋለሁ።

ጋሽዬ፣ ያለ ጊዜዎ ጡረታ ያስወጣዎትን የክስ ደብዳቤ ማን እንደጻፈው አያውቁም። እኔ ነኝ። «ግለሰቡ ያለ ፊርማ መጻሕፍት እያስወጣ የሕዝብ ንብረት ያባክናል» ያልኩት እኔ ነኝ። ቦታዎን ስይዝ የመጀመሪያ ትእዛዜ አንድም መጽሐፍ ከበሩ እንዳይወጣ ነበር። አንድም አልወጣም። ሁሉም እዚያው እንዳለ ውሃ በላው።

የደብዳቤው ቅጂ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። በስብሶ አገኘሁት፤ ስሜም አይነበብም። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር፣ ሁለት ሳምንትም ዝም አልኩ። የእጅ ጽሑፍዎን በየቀኑ እያየሁ ግን አልቻልኩም። ይቅርታዎን እፈልጋለሁ። ቢከለክሉኝም አልቀየምዎትም።

ይህን ደብዳቤ ኑሪ ቡሹሎ ድረስ ያመጣልዎታል፤ የመለሰውን መጽሐፍም አብሬ ልኬዋለሁ። ገጾቹን አንስተን ጨርሰናል። መጨረሻው ላይ፣ ከኑሪ ስም ሥር፣ የእርስዎን ስም ጽፌበታለሁ። ቀን አልጻፍኩም።

ሩሐማ
ሐዋሳ