ሳይጠራ የቆየውን ስም የጠሩት የፕሮፌሰር ሴዋጎዲሞ ሞትላሌ የሕይወት ታሪክ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1961 እስከ 1965 በጋቦሮኔ አቅራቢያ ባለችው በሞሹፓ መንደር ዝናብ አልነበረም። ማሽላ አልበቀለም። የሴዋጎዲሞ አባት የቴባፔ ሌሴጄ ከብቶች አርባ አንድ ነበሩ፤ በአራተኛው ዓመት ሦስት ቀሩ። ቴባፔ ወደ ጆሃንስበርግ የወርቅ ማዕድን ማውጫ ሄዱ። ባለቤታቸው ኬኔይልዌ ሴቤጎ አራቱን ልጆች ለዘመድ አከፋፈሉ። የመጀመሪያዋ ልጅ ሴዋጎዲሞ ለእናታቸው ወንድም፣ ለማሎሜያቸው ለሞቶቢ ሴቤጎ ደረሱ። ያኔ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ የተወለዱት ኅዳር 3 ቀን 1957 በዚሁ መንደር ነው።

ሞቶቢ የመንደሩ ሸንጎ ጸሐፊ ነበር። የተማረው እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ድርቅ አያውቀውም። በቤቱ ገንፎ በቀን አንድ ጊዜ ነበር፤ እሱም ለሁሉም እኩል ነበር።

ሴዋጎዲሞ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሞሹፓ፣ ሁለተኛ ደረጃውን በካኔ ተማሩ። ከክፍላቸው አንደኛ ወጥተው በመንግሥት ወጪ ወደ ውጭ አገር ተላኩ። በ1980 በሥራ አመራር የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ።

በ1985 ለዶክትሬት ጥናታቸው ወደ መንደር ተመለሱ። ለአሥራ አንድ ሳምንት ከማሎሜያቸው ጎን ተቀምጠው የሠላሳ ዓመት የሸንጎ መዝገብ አነበቡ። ሞቶቢ እያንዳንዱን ጉዳይ አስረዳቸው፤ ማን ተናገረ፣ ማን ዝም አለ፣ ዝም ያለው ለምን ዝም አለ።

"ማሎሜ፣ ሹሙ ሁልጊዜ መጨረሻ የሚናገረው ለምንድን ነው?" ብለው ጠየቁ።

"ቀድሞ ከተናገረ ማን ደፍሮ ይቃወመዋል?"

"ፍርድ ከመስጠቱ በፊትስ የተናገረውን ሰው ሁሉ ስም ለምን ይጠራል? ከብት ሰረቀ የተባለውን ሳይቀር።"

"ስሙ ያልተጠራ ሰው አልተሰማም ማለት ነው። ያልተሰማ ሰው ደግሞ ፍርዱን አይቀበልም። ይልቅ ሻይሽ ቀዘቀዘ፣ ጠጪ።"

እነዚህ ሁለት መልሶች የጥናታቸው ምሰሶ ሆኑ። በ1989 ጥናቱ መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። መሪ መጨረሻ ሲናገር፣ የተናገሩትንም በስም ሲጠራ መሥሪያ ቤት እንደሚቃና የሚያስተምር መጽሐፍ ነው። በሰባት አገር ይማሩበታል።

የመጀመሪያውን ቅጂ ለማሎሜያቸው አመጡ። ሞቶቢ ከኋላ ገልጦ የስም ዝርዝሩን በጣቱ ተከተለ።

"ስንት ሰው ነው እዚህ ያለው?"

"ሁለት መቶ አሥራ አራት።"

"እኔስ?"

"መምህሮቼ፣ የታተመ ጽሑፍ የሌለው ሰው አይጠቀስም አሉኝ፣ ማሎሜ።"

"እሺ" አለ። መጽሐፉን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ዳግመኛ አላነሳውም።

በ1990 የውሃ ጉድጓድ መሐንዲስ ከሆኑት ከአቶ ላባን ሞትላሌ ጋር ተጋቡ። ስለ ጥሎሽ ከብቶች ሽማግሌዎች ሲነጋገሩ ማሎሜ የግድ መገኘት አለበትና ሞቶቢ ተገኘ። የሚለውን አለ፣ በላ፣ ሄደ። ሴዋጎዲሞ በኋላ ለባለቤታቸው፣ "ማሎሜ ያለባቸውን ሁሉ ከፍለውልኛል፣ እኔ ነኝ ያልከፈልኩት" ብለው እንደነበር አቶ ላባን ተናግረዋል። ሉዶ የተባለች ሴት ልጅና ሌሬኮ የተባለ ወንድ ልጅ ወለዱ።

በጋቦሮኔ ለሠላሳ ሁለት ዓመት አስተማሩ፤ በ2004 ፕሮፌሰር ተባሉ። በስብሰባ ላይ እንደ ጻፉት መጨረሻ ይናገሩ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባቸው፣ "ሴትዮዋ የምትናገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ችግሩ፣ እሷ ካለች መጨረሻው ቶሎ አይመጣም" ይሉ ነበር። ተማሪ ሲያጭበረብር ካገኙ አያልፉም፤ ራሳቸውንም አላለፉም። መጽሐፉ ሦስት ጊዜ ሲታተም ሦስቴም የሞቶቢ ስም እንዲገባ ጻፉ፤ ሦስቴም ደንብ አይፈቅድም ተባሉ፤ ሦስቴም ተዉት። የሚቆጫቸው እምቢ መባላቸው ሳይሆን መተዋቸው ነበር።

በግንቦት 2023 ሐኪሞች የጉበት ካንሰር አገኙባቸው። በነሐሴ በጋቦሮኔ የሥራ አመራርና የዓለም ጉዳዮች ጉባኤ ነበር፤ ከአራት አገር አራት ምሁራን ይናገራሉ፣ አንዷ እሳቸው። ሐኪሙ እንዲቀሩ መከሩ። እሳቸው ግን መኪና አስነድተው ሞሹፓ መጡ። ሞቶቢ የፍየል በረት ሲጠግን አገኙት።

"ማሎሜ፣ ጉባኤ ልወስድዎ ነው።"

"ምን ልሠራ?"

"ስምዎን ልጠራ።"

"ሠላሳ አራት ዓመት ዘገየሽ።"

"አውቃለሁ። በስልክ ያልነገርኩዎ ለዚህ ነው።"

ሞቶቢ ሽቦውን አስሮ ጨረሰ። "ከስተሻል" አለ። ከዚያ ኮቱን ሊያመጣ ገባ።

በጉባኤው የመጨረሻ ተናጋሪ እንዲሆኑ ራሳቸው ጠይቀው ነበር። ሦስቱ ምሁራን ስለ ንግድ፣ ስለ ጦርነት፣ ስለ ሥራ ፈላጊ ወጣቶች ተናገሩ። ሴዋጎዲሞ ወደ መድረኩ ሲወጡ ልጃቸው ሉዶ ደገፈቻቸው፤ ሲደርሱ እጇን አስለቀቁ። በመጀመሪያ ሦስቱን ተናጋሪዎች በየስማቸው ጠሩ። ቀጥለውም እንዲህ አሉ፦

"የምታውቁኝ በመጽሐፌ ነው። ስም መጥራትን ያስተማርኩ ሴት አንድ ስም ደብቄአለሁ። የመጽሐፉን ዋና ሐሳብ ያገኘሁት ከሞቶቢ ሴቤጎ ነው። የእናቴ ወንድም፣ የሞሹፓ ሸንጎ ጸሐፊ ናቸው። በድርቅ አብልተውኛል፤ ከዚያም አስተምረውኛል። መምህሮቼ፣ እሳቸው አይጠቀሱም ሲሉኝ እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት እኔ ነኝ።"

ሰብሳቢው ቢጫ ካርድ አሳዩ። "ፕሮፌሰር፣ ሰዓትዎ አልቋል" አሉ።

"ሰዓቴ ማለቁን ከእርስዎ በፊት ሐኪሜ ነግሮኛል። ስማቸውን ደግሜ ልጥራ" አሉ፤ ጠሩም።

ከውጭ የመጡ አንድ ምሁር እጃቸውን አውጥተው፣ የኚህን ሰው ሥራ የት ማግኘት እንደሚቻል ጠየቁ።

"ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል" አሉ ሴዋጎዲሞ።

ሞቶቢ ተነሣ፣ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ ለአራተኛው እትም ከአሳታሚው ጋር ተከራከሩ። አሳታሚው በመግቢያው ላይ ምስጋና ይጻፍ አለ። "የጠየቅሁት ምስጋና አይደለም፣ ስም ነው፤ ሽፋኑ ላይ፣ ከስሜ ጎን" ብለው መለሱ። በዚህ ጊዜ አልተዉም። የሚያደነዝዘውን መድኃኒት ጠዋት ጠዋት አልወስድ እያሉ፣ አልጋ ላይ ሆነው እርማቱን ጨረሱ።

ፕሮፌሰር ሴዋጎዲሞ ሞትላሌ መጋቢት 16 ቀን 2024 በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው አቶ ላባን፣ ልጆቻቸው ሉዶና ሌሬኮ፣ ሦስት ታናናሾቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ማሎሜያቸው በሕይወት አሉ። በድርቅ ያላስቀራቸው አምላክ በዝናብ አገር ያሳርፋቸው።

መጽሐፉ ከትናንት በስቲያ ደረሰ። ሽፋኑ ላይ ሁለት ስም አለ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ፣ ይህ ጽሑፍ በዚህ መቃብር አጠገብ ሲነበብ፣ መጽሐፉ በሞቶቢ ሴቤጎ እጅ ነው። ይህን ጽሑፍ የጻፈውም እሱ ነው። የሸንጎ ጸሐፊ ጉዳይ ሲያልቅ ከመዝገቡ ግርጌ አንድ መስመር ይጽፋል፦

ከሴዋጎዲሞ የሚፈለግ ምንም የለም። ተከፍሏል።