ቁም ሳጥኑ የዘጋው በር

ውድ ወንድም ጋሼ፦

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? ባለቤትህና ልጅህስ ደህና ናቸው? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። እማዬ ጉልበቷን አመም ቢያደርጋትም እኔን መቆጣት አላቃታትም።

እዚህ የጋዝ ዋጋ አይቀመስም። ሲሊንደራችን ባዶውን ከቆመ በኋላ እማዬ አንድ ቀን ድንገት «እስቲ ያንን ቁም ሳጥን ግፉልኝ» አለች። የቱን እንደሆነ ታውቃለህ። አያታችን ስታርፍ እማዬ በእሱ ውርስ የተነሳ ከአክስታችን ጋር ተኳርፋ፣ የእኛንና የእነሱን ማድ ቤት የሚያገናኘውን በር የዘጋችበትን ነው። ከልብስ ሰፊው ከአክስታችን ባል ጋር እያቃሰትን ገፋነው።

ከዚያ ወዲህ በአክስታችን ምድጃ አብረን እናበስላለን። መጀመሪያ ሰሞን አክስታችን እዚያው ቆማ እየሰማች እማዬ «ጨው በዝቷል በያት» ትለኝ ነበር። አሁን ራሳቸው ይነታረካሉ፤ ደስ ሲል! ትዝ ይልሃል፣ እኛ ቤት በልተን በዚያ በር ሾልከን አክስታችን ጋ የምንደግመው? ሾርባው ከአፍህ ሳይደርቅ «እራት አልበላንም» ስትል? ያ ጊዜ እንዴት እንደናፈቀኝ!

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ መንግሥት በጋዝ መወደድ ለተቸገሩ ቤተሰቦች ድጎማ ሊሰጥ ነው ተባለና መዝጋቢዋ ቤት ለቤት መጣች። ለየብቻ የሚያበስል ለየብቻ ያገኛል፤ በአንድ ምድጃ የሚጠቀም ግን እንደ አንድ ቤተሰብ ይቆጠራል። እኔን መቼም ታውቀኛለህ፣ ጎረቤት መድረሷን ስሰማ «ቁም ሳጥኑን እንመልሰው፣ ለዛሬ ብቻ» አልኩ። ልብስ ሰፊው እጅጌውን ሰብስቦ ተነሳ። አክስታችን እማዬን ታያታለች።

እማዬ ወንበሯን ጎትታ በሩ መሃል ተቀመጠች። «ያኔም ለዛሬ ብቻ ብዬ ነው የዘጋሁት» አለች። መዝጋቢዋ ስትገባም «አንድ ቤተሰብ ነን» አለቻት።

ድጎማው የአንድ ቤት ብቻ ሆኖ ቀረ። አልዋሽህም፣ ቆጭቶኝ ነበር። አክስታችን ግን «ነፋስ ይመታሻል» ብላ ብርድ ልብስ እማዬ እግር ላይ ጣል ስታደርግላት እንባዬ መጣ። ቁም ሳጥኑን ልብስ ሰፊው በረንዳ አውጥቶ ጨርቁን ይከትበታል፤ የፈለገውም የለም።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ስማሃለች። አክስታችን «ሆዳሙ መቼ ነው የሚመጣው?» ትላለች። ልብስ ሰፊው ሱሪ ሊሰፋልህ ነውና ወገብህን ለክተህ ላክ። ባለቤትህን ሳምልኝ። ልጅህንም ሳማትና፣ ስትመጡ የምንሾልክበትን በር አሳያታለሁ በላት። ሁለቴ እራት መብላት ግን ቀርቷል፤ ምድጃው አንድ ነው።

እህትህ
ከአክስታችን ማድ ቤት፣ እሁድ ግንቦት 12